ልቦለድ ጽፋችሁ ጨረሳችሁ? እንግዲያው ለሌላ ሰው ከመስጠታችሁ በፊት እራሳችሁ እንዴት እንደምታርሙት

ደብረ ብርሃን፣ መሐል ሜዳ፣ ሸዋ ሮቢት፣ ዓለም ከተማ፣ ብቻ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሆናችሁ ልቦለድ ጽፋችሁ የመጀመሪያውን ረቂቅ የጨረሳችሁ ልጆች ብዙ ናችሁ፣ እና ከሞላ ጎደል ሁላችሁም የምትጠይቁት «አርታኢ የት ነው የሚገኘው?» ብላችሁ ነው። አርታኢ ጥሩ ነው፣ ገንዘቡ ካላችሁ ክፈሉ። አብዛኞቹ አዲስ አበባ ቢሆኑም ዛሬ ፋይል በቴሌግራም ስለሚላክ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ያለው 130 ኪሎ ሜትር ማንንም አያግድም። ግን ያልታረመ ረቂቅ ስትሰጡት ሰውየው ጊዜውን የሚጨርሰው እናንተው ልታዩት ትችሉ የነበረውን በመልቀም ነው፣ እናንተ ልታዩት የማትችሉትን ለማየት ጉልበትም ጊዜም አይተርፈውም። እና ከፍላችሁም ግማሹን ብቻ ነው የምታገኙት። ስለዚህ መጀመሪያ እራሳችሁ አርሙት፣ እንዴት እንደሆነ እኔ የምሠራበትን ቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

ቅደም ተከተል ያልኩት ሆን ብዬ ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ረቂቁን ሲያነሳ ወዲያው ፊደል መልቀም ነው የሚጀምረው፣ «ሀ»ውን «ሐ» ማድረግ፣ አራት ነጥብ ማስተካከል ምናምን። ምዕራፍ ሦስትን እንዲህ አሳምሮ ሳምንት ከፈጀበት በኋላ ምዕራፉ ለታሪኩ እንደማያስፈልግ ቢገባው እንኳን ለመጣል እጁ እሺ አይለውም፣ ለፍቶበታላ። ስለዚህ ከትልቁ ወደ ትንሹ ነው የሚኬደው፦ መጀመሪያ ታሪኩ፣ ከዛ ጊዜና ቦታው፣ ከዛ ሰዎቹና ንግግራቸው፣ ከዛ ዓረፍተ ነገሩ፣ ፊደል መጨረሻ። በአንድ ንባብ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚፈለገው፣ ሁሉንም በአንዴ ልያዝ ያለ ግማሹ ያመልጠዋል።

መጀመሪያ ኮፒ አድርጉ፣ ከዛ ተዉት

ፋይሉን ኮፒ አድርጉና ስሙ ላይ ቀኑን ጻፉበት። «ፋይናል»፣ «ፋይናል ሁለት»፣ «የመጨረሻው ፋይናል» እያላችሁ አትሰይሙ፣ ከሁለት ወር በኋላ የቱ የቱ እንደሆነ አይታወቅም። አንዱን ፍላሽ ላይ፣ አንዱን ኢሜል ላይ፣ አንዱን ለራሳችሁ በቴሌግራም ላኩት። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ያለ ልቦለድ አለኝ ማለት አይቻልም። በስልክ ለምትጽፉም እንዲሁ ነው፣ ስልክ ይጠፋል።

ከዛ ቢያንስ አንድ ወር አትክፈቱት። ይሄን ማንም አይወደውም፣ ግን ያስፈልጋል፣ ትናንት የጻፋችሁትን ዛሬ ስታነቡ የምታነቡት ወረቀቱ ላይ ያለውን ሳይሆን ጭንቅላታችሁ ውስጥ ያለውን ነው። ኅዳር አካባቢ ከሆነ የጨረሳችሁትና ቤተሰብ ጋ እርሻ ካለ አጨዳውና ውቂያው እራሱ ያስረሳችኋል፣ ከተማ ከሆናችሁ ደግሞ ሌላ አጭር ነገር ጻፉ። ብቻ አትንኩት።

አንድ ጊዜ እንደ አንባቢ፣ እስክሪብቶ ሳትይዙ

ወሩ ሲያልፍ ከጻፋችሁበት መልክ ቀይራችሁ አንብቡት። ፕሪንት ማድረግ ከቻላችሁ በጣም ጥሩ፣ ወጪ እንዲቀንስ በአንድ ወረቀት ሁለት ገጽ ማተም ይቻላል። ካልሆነ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ በስልክ አንብቡት፣ ፎንቱንም ቀይሩ፣ በኒያላ ከጻፋችሁ ወደ አቢሲኒካ። ዓይን የለመደውን ገጽ ያልፈዋል፣ መልኩ ሲቀየር ነው ቆም ብሎ የሚያይ።

በሁለት ቢበዛ በሦስት ቀን ጨርሱት፣ ዓረፍተ ነገር አታስተካክሉ። አጠገባችሁ ደብተር አስቀምጡና ሦስት ነገር ብቻ ጻፉ፦ የት ላይ ሰለቸኝ፣ የት ላይ ግራ ገባኝ፣ የት ላይ አላመንኩም። የገጹን ቁጥር ብቻ ጻፉ እንጂ መፍትሔ አትፈልጉ። የሰለቻችሁ ቦታ ላይ እራሳችሁን አታግባቡ፣ ጸሐፊውን ያሰለቸ ገጽ አንባቢውን ያሰለቻል።

የትዕይንት ዝርዝር አውጡ

አሁን ነው ሥራው የሚጀምረው። ደብተር ላይ መስመር አስምሩና ለእያንዳንዱ ትዕይንት እነዚህን ሙሉ፦ ማን አለ፣ የት ነው፣ መቼ ነው (ቀንና ወር ሳይቀር)፣ በማን ዓይን ነው የምናየው፣ ከትዕይንቱ በፊትና በኋላ ምን ተለወጠ። የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል። ልጅቷ ቡና አፈላች፣ ጎረቤቶች መጡ፣ ተጫወቱ፣ ሄዱ፣ ካለ በኋላ «ምን ተለወጠ» የሚለው ባዶ ከሆነ ያ ትዕይንት ወይ ይወጣል ወይ አንድ ነገር ይጨመርበታል፣ ለምሳሌ ከጎረቤቶቹ አንዷ ማወቅ የሌለባትን ነገር እንደምታውቅ ሳታስበው ታሳያለች። ቡናው ያምራል ብሎ ማስቀመጥ ብቻውን አይበቃም፣ የአገራችን ልቦለድ ረቂቆች ላይ በጣም የሚበዛው ትርፍ ገጽ እንደውም የቡና ገጽ ይመስለኛል፣ ረከቦቱ፣ ጭሱ፣ ቄጠማው፣ ሦስት ገጽ ይሄድና ማንም ላይ ምንም አልደረሰም።

የወጣውን አትደምስሱት፣ ሌላ ፋይል ከፍታችሁ እዛ ለጥፉት። አለ ብላችሁ ስታውቁ ለመቁረጥ እጃችሁ አይከብድም።

አጀማመሩን ለብቻው እዩት። ብዙ ረቂቅ የሚጀምረው በጠዋት ፀሐይ፣ በጉም፣ ወይም በዋናው ሰው የትውልድ ሐረግ ነው። ጉም መጥፎ አይደለም፣ ጣርማ በር ላይ ጉም የሚሠራውን የምናውቅ እናውቀዋለን፣ ግን ጉሙ ሥራ ይኑረው፣ መኪናው ቆሞ ሰውየው ቀብር ሊያመልጠው ነው ከተባለ ያኔ ጉሙ ታሪክ ነው። ካልሆነ ችግሩ የሚጀምርበትን ገጽ ፈልጉና ከሱ ጀምሩ፣ የፊተኛው ስምንት ገጽ ውስጥ ያለው ጠቃሚ መረጃ በኋላ በትንሽ በትንሹ ይገባል። መጨረሻውንም እዩት፣ እልባቱ የመጣው ገጸ ባሕርይው ባደረገው ነገር ነው ወይስ ሀብታም አጎት ከውጭ ስለመጣ? ሁለተኛው ከሆነ ችግሩ መጨረሻው ላይ ሳይሆን መሀሉ ላይ ነው፣ ወደ መሀሉ ተመለሱ።

በማን ዓይን ነው ያልኩትን ደግሞ ችላ አትበሉት። ሁሉን አወቅ ተራኪ ከመረጣችሁ ይሁን፣ ግን ትዕይንቱን በልጅቷ ዓይን እያሳያችሁን ድንገት «አባትየው ግን በልባቸው ሌላ ነገር እያሰቡ ነበር» ካላችሁ አንባቢው ከልጅቷ ጭንቅላት ተገፍትሮ ይወጣል። እሷ የምታየውን ብቻ ስጡን፣ አባትየው መቁጠሪያቸውን ማዞር አቆሙ በሉ፣ የቀረውን እኛ እንጠረጥራለን።

ጊዜና ቦታውን መርምሩ፣ እዚህ ላይ አትቸኩሉ

ይሄን ክፍል ከሌላ አገር የተተረጎሙ የአጻጻፍ ምክሮች አይነግሯችሁም፣ ምክንያቱም የኛን ካላንደርና የኛን አገር አያውቁትም። የኛ አንባቢ ግን ያውቃል፣ እና ገጽ ሃያ ላይ አንድ ስህተት ካገኘ ከዛ በኋላ የሚያነበው እያመናችሁ ሳይሆን እየተጠራጠራችሁ ነው።

ከቀን እንጀምር። የኛ ወሮች ከጳጉሜ በቀር ሁሉም 30 ቀን ስለሆኑ የሳምንቱ ቀን በየወሩ ሁለት ሁለት ይገፋል። መስከረም 1 ቀን 2017 ረቡዕ ነበር፣ ስለዚህ ጥቅምት 1 ዓርብ፣ ኅዳር 1 እሁድ፣ ታኅሣሥ 1 ማክሰኞ፣ ጥር 1 ሐሙስ፣ እያለ ይሄዳል፣ የዛ ዓመት ጥምቀት እሁድ ዋለ ማለት ነው። ከዓመት ዓመት ደግሞ አንድ ቀን ይገፋል፣ ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ከዘመነ ሉቃስ በኋላ ብቻ ሁለት። 2011 እና 2015 ሉቃስ ነበሩ፣ ቀጣዩ 2019 ነው። በዚህ ብቻ የልቦለዳችሁን ቀን በሙሉ በደብተር ማስላት ትችላላችሁ፣ አፕም አያስፈልግም። «ቅዳሜ ገበያ ዋለች» ያላችሁበት ቀን እውነት ቅዳሜ ይሁን፣ የምትጽፉበት ከተማ የገበያ ቀንም የትኛው እንደሆነ የአካባቢውን ሰው ጠይቁ።

ጾም ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ክርስቲያን ገጸ ባሕርይ ረቡዕ ቀን ክትፎ ከበላ ወይ ስህተት ነው ወይ ስለሰውየው የምትነግሩን ትልቅ ነገር ነው፣ የቱ እንደሆነ ወስኑ። ግን ደግሞ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው 50 ቀን ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፣ ስለዚህ ትዕይንቱ ግንቦት መጀመሪያ ላይ ከሆነ ሥጋው ልክ ሊሆን ይችላል። ከኅዳር 15 ጀምሮ ነቢያት አለ፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ አለ፣ ጥር 10 ከተራ ነው፣ ጋድ ይጾማል። ታሪካችሁ ወደ ኤፍራታ፣ ቀወት፣ ሸዋ ሮቢት ወርዶ ሙስሊም ቤተሰብ ውስጥ ከገባ ደግሞ ረመዳን በኛ ካላንደር በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ቀድሞ እንደሚመጣ አትርሱ፣ በ2000 የነበረበት ወር በ2010 አይደለም። የትኛው ዓመት ላይ ናችሁ? አረጋግጡ።

ሰዓቱ ላይ፣ ሰዎቻችሁ «ከምሽቱ 3 ሰዓት» እያሉ ምዕራፍ ስድስት ላይ ስልኩ «21፡00» ካሳየ ሆን ተብሎ ይሁን። በፈረንጅ ሰዓት እየጻፋችሁ «ጠዋት 7 ሰዓት ተነሳች» ካላችሁ ለኛ ምሳ ሰዓት ላይ ነው የተነሳችው።

አየሩና እህሉ። ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ግን ከ2,800 ሜትር ገደማ ወደ 1,300 አካባቢ ነው የምትወርዱት፣ ሌላ አገር ነው። ደብረ ብርሃን ጓሮ ውስጥ ማንጎ አይበቅልም፣ ሸዋ ሮቢት ይበቅላል። መንዝ ጓሳ አካባቢ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ገበሬው ገብስ ነው እንጂ ጤፍ አያጭድም፣ ጤፉን ሞረትና ጅሩ ወይም ምንጃር ውሰዱት። ውርጭ የምትፈልጉ ከሆነ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አድርጉት፣ ሐምሌ ላይ ደብረ ብርሃን ብርድ አለ ግን የዝናብና የጭቃ ብርድ ነው። አደይ አበባ በመጋቢት የሚቆርጥ ፍቅረኛም አይታመንም፣ አደይ የመስከረም ነው። እና እባካችሁ መንዝ ውስጥ በልግ እንዳለ አትርሱ፣ ዝናብ ሁሉ ሐምሌና ነሐሴ ብቻ የሚዘንብ አስመስሎ የሚጽፍ ሰው አለ፣ የበልግ ገብስ የሚጠብቅን ቤተሰብ ጭንቀት በዚህ ምክንያት ታሪኩ ያጣዋል፣ እንደዛ ያለ ጥሩ ውጥረት እጃችሁ ላይ እያለ ማለት ነው።

ወደ ኋላ ዘመን የምትጽፉ ከሆነ የዕቃና የቦታ ዝርዝር ሥሩ። ልቦለዱ ውስጥ ያለውን ዕቃ፣ ሕንፃ፣ መንገድ፣ ገንዘብ ሁሉ ዘርዝሩና አጠገቡ «መቼ መጣ» ብላችሁ ጻፉ። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር ላይ የባሕር ዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጠ መኳንንት ካላችሁ አንሱት፣ ባሕር ዛፍ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ጊዜ ነው። የጣርማ በርን ዋሻ ጣልያን ነው በወረራው ጊዜ የሠራው፣ ስለዚህ በ1920 መኪና ይዞ ዋሻውን ያለፈ ሰው አይኖርም። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በ1999 ነው ሥራ የጀመረው፣ ከዛ በ1990 የተመረቀ ሰው አታስገቡ። 200 ብር ኖት የወጣው በመስከረም 2013 ነው፣ በ2005 ታሪክ ውስጥ ኪሱ ውስጥ ሁለት ድፍን ሁለት መቶ ብር ያለው ሹፌር ተረት ነው። ደርግ ሥልጣን የያዘው በመስከረም 1967 ነው፣ የገጠር መሬት አዋጅ የካቲት 1967 ነው፣ ስለዚህ በ1965 «መሬቴን ቀበሌ ወሰደብኝ» የሚል ገበሬ ካለ ቀኑ ወይ ቅሬታው ይቀየር። እንደዚህ አይነቱን ስታገኙ አትበሳጩ፣ ብዙ ጊዜ አንድ ቁጥር መለወጥ ነው።

ማን ማንን ምን ብሎ ይጠራል

የአማርኛ ልቦለድ ላይ ከፊደል ይልቅ የሚያጋልጠው ይሄ ነው። ደብተር ላይ ገጸ ባሕርያቱን ጻፉና ለእያንዳንዱ ጥንድ ሙሉ፦ እሱ እሷን አንቺ ነው ወይስ እርሶ የሚላት፣ እሷ እሱን አንተ ነው ወይስ አንቱ፣ በስም ነው የሚጠራሩት ወይስ ጋሼ፣ እትዬ፣ አባባ፣ እማማ፣ የኔታ። አባቱን «አንተ» የሚል ቤት አለ፣ «አንቱ» የሚልም አለ፣ ሁለቱም እውነት ነው፣ ግን አንድ ቤት ውስጥ ምዕራፍ ሁለት ላይ «አንቱ» ምዕራፍ አምስት ላይ «አንተ» ከሆነ አንባቢው ሁለት አባት ያለ ይመስለዋል። ገጠር «አንቱ» ይበዛል ከተማ «እርሶ»፣ ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን የመጣች ተማሪ መጀመሪያ በአንደኛው ብታወራና በኋላ ሌላው ቢገባባት ያ እራሱ ስለሷ ይነግረናል፣ ማለትም ሆን ብላችሁ ካደረጋችሁት።

ሆን ተብሎ ሲደረግ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ መሣሪያ የለም። አማቱን አሥር ዓመት «እርሶ» ሲል የኖረ ሰው አንድ ቀን በንዴት «አንተ ሰውዬ!» ቢል ገጽ ሙሉ ስድብ መጻፍ አያስፈልግም፣ ሁሉም ሰው ይሰማዋል። ግን እንዲሰማ ከዛ በፊት አንዴም መሳት የለበትም። ለዚህ ነው ዝርዝሩ የሚያስፈልገው።

ተራኪውንም እዩ። ትረካው ላይ «ጋሽ በላቸው ገባ» ነው ወይስ «ገቡ»? ሁለቱም ይሠራል፣ አንዱን ምረጡና እስከ መጨረሻው ያዙ። በልጅ ዓይን የምትተርኩ ከሆነ «ገቡ» ነው የሚሻለው፣ ልጁ እንደዛ ነው የሚያያቸው።

እግረ መንገዳችሁን ማን ምን እንዳደረገ ግልጽ መሆኑን አረጋግጡ። «ካሳ ደረጀን ሲያየው ደነገጠና ዱላውን ጥሎ ሮጠ» ውስጥ የሮጠው ማን ነው? እናንተ ታውቃላችሁ፣ እኛ አናውቅም። ሁለት ወንድ ወይም ሁለት ሴት ባሉበት ትዕይንት ላይ ግሡ ብቻውን አይለይም፣ ስሙን ድገሙ፣ «ካሳ ሲያየው ደረጀ ደነገጠ፣ ዱላውን ጥሎ ሮጠ»። ስም መደጋገም ያስጠላል ብላችሁ «ወጣቱ»፣ «ጎልማሳው»፣ «ባለ ጋቢው» እያላችሁ አትቀያይሩ፣ አንባቢው ስንት ሰው እንዳለ መቁጠር ይጀምራል።

ምልልሱን ጮክ ብላችሁ አንብቡ

ምልልሱን ብቻ ለይታችሁ፣ ድምፅ አውጥታችሁ፣ ቢቻል ከሌላ ሰው ጋር ተከፋፍላችሁ አንብቡ። አፍ ላይ የማይገባው ዓረፍተ ነገር ወዲያው ይታወቃል። በጣም የሚበዛው ችግር ሰዎቹ ሁለቱም የሚያውቁትን ነገር ለአንባቢ ሲሉ መነጋገራቸው ነው፣ እንዲህ፦

«አባባ፣ እንደሚያውቁት እማማ ከሞተች ከሦስት ዓመት ወዲህ መሬቱን ለሁለት ከፍለን እኔ የላዩን ወንድሜ የታችኛውን እያረስን ነው።»

አባትየው ያውቃሉ፣ ለምን ይነግራቸዋል? አሁን ይሄን እዩ፦

«የላዩን ማሳ ማን አረሰው?»
«እኔ ነኛ።»
«ወንድምህስ?»
«እሱ የታችኛውን። እንዲህ ተባብለን የለም?»
«እናትህ ብትኖር አትከፍሉትም ነበር።»
«እማማ የለችም አባባ። ሦስት ዓመቷ።»

መረጃው ያው ነው፣ ግን አሁን ጥል አለበት። መጀመሪያ ጥያቄው ምን እንደሆነ ፈልጉ፣ ማን ምን እየፈለገ ነው የሚያወራው፣ ከዛ መረጃው እራሱ ይገባል።

ስለ አካባቢ አነጋገር አንድ ነገር። የመንዝ አረጋዊ «ኸቤት» ቢሉ፣ «አይዶለም» ቢሉ ደስ ይላል፣ እውነትም ነው። ግን ምልልስ ውስጥ ብቻ ይሁን እንጂ ትረካው ውስጥ አይግባ፣ ልኩም ይኑረው፣ በየቃሉ ከሆነ ንባብ ያደናቅፋል። ሌላው ደግሞ ገበሬን ሁሉ በምሳሌያዊ አነጋገር ብቻ ማናገር ይቅር። ሰው ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ሲያወራ ተረት አይተርትም፣ ዋጋውን ነው የሚናገረው፣ ተረቱ የሚያምረው አንድ ቦታ ላይ ሲመጣ ነው።

«አለ» የሚለውን ቃል አትፍሩት። «ሲል በቁጣ መለሰ»፣ «ስትል በሐዘን ተናገረች»፣ «በማለት አከለ» እያሉ መቀያየር ንግግሩን ይጫነዋል። ንግግሩ ቁጣ ካለው «በቁጣ» ትርፍ ነው፣ ከሌለው ደግሞ ንግግሩ ይስተካከል።

ዓረፍተ ነገር

አሁን ወደ ትንሹ ደረስን። የአማርኛ ግሥ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ አንድ አይነት አጨራረስ ወዲያው ጆሮ ውስጥ ይደውላል፣ በተለይ «ነበር»። ፋይሉ ላይ ኮንትሮል ኤፍ ተጭናችሁ «ነበር» ብላችሁ ፈልጉ፣ በአንድ ገጽ ላይ ስንት እንዳለ እዩ። ከዛ «በጣም»፣ «በድንገት»፣ «ልክ እንደ»፣ «ጀመረ» (ማልቀስ ጀመረች፣ መሄድ ጀመረ)፣ እና እያንዳንዳችሁ የምትወዱት የራሳችሁ ቃል። ሁሉንም አጥፉ አላልኩም፣ እያንዳንዱን አይታችሁ ሥራ ካለው ተዉት።

ለምሳሌ ይሄ ረቂቅ ነው እንበል፦

«ዘነበች በጣም ተናዳ ነበር። አባቷን በንዴት እያየችው ነበር። እናቷም በጣም ፈርታ ነበር። ቤቱ ውስጥ ከባድ ዝምታ ሰፍኖ ነበር። በድንገት አባትየው ተነስቶ ወጣ።»

ስሜቱን ከመናገር ይልቅ እጃቸው ምን እንደሚያደርግ ብንጽፍ፦

«ዘነበች የያዘችውን ስኒ ረከቦቱ ላይ ስትጥለው ቡናው ፈሰሰ። እናትየው ጨርቅ ሊያመጡ ተነሱና መሀል ቤት ቆመው ቀሩ። አባትየው ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡ።»

«ተናዳ»፣ «ፈርታ»፣ «ዝምታ» የሚል የለም፣ ሦስቱም ግን አሉ። አንቱታውም አብሮ ተስተካክሏል፣ መጀመሪያው ላይ አባትየው «ወጣ» ነበር። ግን ይሄንን በየዓረፍተ ነገሩ አታድርጉ፣ «ሦስት ቀን አዘነች» ብሎ ማለፍ ትክክል የሚሆንበት ቦታም አለ፣ የማያስፈልገውን ጊዜ ለመዝለል ለምሳሌ።

ሌላው ሰንሰለቱ ነው፦ «ተነስቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ለብሶ፣ ቁርሱን በልቶ፣ በሩን ቆልፎ፣ ታክሲ ይዞ፣ መናኸሪያ ደርሶ…»። አማርኛ ይሄን ስለሚፈቅድ ሳናስበው እንረዝማለን። ቁርሱ ላይ ምንም ካልሆነ መናኸሪያው ላይ ጀምሩ።

ይሄን ንባብ ስትጨርሱ ሙሉውን በጆሮ ስሙት። ኤጅ የሚባለው ብሮውዘር አማርኛ ጽሑፍ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ኢንተርኔት ካላችሁ ፋይሉን እዛ ከፍታችሁ አስነብቡት። ማሽን ስለሆነ አያዝንላችሁም፣ የተደገመውን ይደግማል፣ የተሳሳተውን እንደተሳሳተ ያነባል፣ እናንተ ስታነቡ ግን ጭንቅላታችሁ ያስተካክለዋል።

ፊደልና ነጥብ፣ አሁን ገና

አንድ ገጽ የቃል ዝርዝር አዘጋጁ፦ ሥራ ነው ስራ፣ ዓለም ነው አለም፣ ፀሐይ ነው ጸሀይ፣ ኃይል ነው ሀይል፣ ደብረ ብርሃን ነው ደብረብርሃን። እኔ በመዝገበ ቃላት እንዳለው መጻፍ እመርጣለሁ፣ ግን ከዛ በላይ ዋናው አንድ ቃል መጽሐፉ ውስጥ በአንድ መልክ ብቻ መታየቱ ነው፣ የገጸ ባሕርያት ስም ደግሞ ከሁሉ በላይ፣ ሐና ምዕራፍ አራት ላይ ሃና ከሆነች ያሳፍራል።

በኮንትሮል ኤች ስትቀይሩ «ሁሉንም ቀይር» የሚለውን አትጫኑ፣ አንድ በአንድ ሂዱ። «አለም»ን በሙሉ «ዓለም» ብትሉት «አለምክንያት» የሚለው «ዓለምክንያት» ሆኖ ቁጭ ይላል። ሁሉንም መቀየር የሚቻለው ነጥብ ላይ ነው፦ ሁለት ጊዜ የተጫነ «፡፡» ካለ ሁሉንም በ«።» ቀይሩት፣ ሁለት ክፍት ቦታን በአንድ፣ የእንግሊዝኛውን ኮማ በ«፣»። ከነጥቡ በፊት ክፍት ቦታ ካለም አውጡት፣ መስመር ሲሞላ ነጥቡ ብቻውን ወደ ታች ይወርዳል። ጥቅሱን ወይ «» ወይ ሌላ፣ አንዱን ምረጡ።

ፓወር ግዕዝ በሚባለው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የተጻፈ የቆየ ፋይል ካላችሁ መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ዛሬ ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ ወደሚያነበው የፊደል አሠራር አስለውጡት፣ ካልሆነ ፍለጋውም አይሠራም ሌላ ኮምፒውተር ላይም ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ነው የሚሆነው። ከተለወጠ በኋላ አንድ ሁለት ምዕራፍ ከአሮጌው ጋር አስተያዩ፣ አንዳንድ ፊደል ሊሳሳት ይችላል።

ለሁለት ሦስት ሰው ስጡ

የሚወዷችሁ ሰዎች ብቻ አይሁኑ፣ ቢያንስ አንዱ ልቦለድ አዘውትሮ የሚያነብ፣ አንዱ ደግሞ ታሪኩ የሚካሄድበትን አካባቢ የሚያውቅ ይሁን፣ ምንጃር ላይ ከጻፋችሁ የምንጃር ሰው። «እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ «ጥሩ ነው» ነው የሚሏችሁ፣ ሰው ፊት ለፊት ሌላ ነገር ማለት ይከብደዋል። ይልቅ እንዲህ ጠይቁ፦ የት ላይ አቆምክ? ማንን ጠላህ? የቱን ሁለቴ አነበብሽ? የቱን ዘለልሽ? ሲመልሱላችሁ አትከራከሩ፣ አታብራሩ፣ ጻፉት። ሁለት ሰው አንድ ቦታ ላይ ከቆመ እዛ ቦታ ላይ ችግር አለ፣ እነሱ የሚሉት መፍትሔ ግን ልክ ላይሆን ይችላል፣ መፍትሔው የናንተ ነው። አንዱ ብቻ ያለውን ደግሞ አመዛዝኑት፣ አካባቢውን የሚያውቀው ሰው «እንዲህ አይደረግም» ካለ ግን አንድም ቢሆን ስሙት።

ከዛ በኋላ አንዴ አስተካክላችሁ አንብቡና ጨርሱ። ትናንት ያወጣችሁትን ቃል ዛሬ እየመለሳችሁ ከሆነ ማረሙ አልቋል፣ ከዚህ በኋላ የምትነኩት ያበላሸዋል እንጂ አያሻሽለውም።

ለአርታኢ ወይ ለአሳታሚ ስትልኩ የፊደል መጠን 12፣ የመስመር ክፍተቱ አንድ ተኩል፣ ገጽ ቁጥር ያለው፣ ምዕራፍ በአዲስ ገጽ የሚጀምር አድርጉት፣ የወርድ (Word) ፋይሉንም ፒዲኤፉንም አብራችሁ ላኩ። አንቱታውንና የቃሉን ዝርዝርም በሌላ ገጽ አያይዙለት፣ «ይሄ ሆን ተብሎ ነው» የምትሉትን ሁሉ ጻፉበት፣ ካልሆነ ኸቤት ያላችሁትን ሁሉ ከቤት አድርጎ ይመልስላችኋል። ከመላካችሁ በፊት ፋይሉን በሌላ ሰው ስልክ ከፍታችሁ ፊደሉ በትክክል መታየቱን እዩ።